ያልተቀበረች ተጧሪ

ደሞዝ በሚከፈልበት አገር ሁሉ፣ ደሞዝህን ካንተ አብልጦ የሚያውቅ አንድ ሰው አለ። እንዲህ ያለ ሰው የሌለው መሥሪያ ቤት ገና በሩ አልተከፈተም ማለት ነው። አንተ የደሞዝ ወረቀትህን አጥፈህ ኪስህ ልትከት ስትል የሱ እጅ ቀድሞ ይደርሳል። ወረቀቱን እንደ ራጅ ወደ መስኮቱ ብርሃን ያነሳዋል። ከንፈሩን ይመጥጣል። በሽታህን ያገኘ ሐኪም ይመስላል። «እዚህ ጋ ይታይሃል?» ይልሃል። አይታይህም። እንዲያሳይህም አልጠየቅኸውም። ከዚያ በኋላ ግን የምሳ ሰዓትህን እርሳው።

ከታኮራዲ ወደብ ጀርባ ባለው የእንጨት መሰንጠቂያ ፋብሪካ ይህን ከፍተኛ ሹመት የያዙት ክቡር ኮቢና ኤሲልፊ ነበሩ። የደሞዝ ክፍሉ ነባር ሠራተኛ ናቸው። ከዘበኛው እስከ መጋዝ ነጂው፣ በሚስጥር ደግሞ የሥራ አስኪያጁ ሚስት እንኳን፣ «ዎፋ» ይሏቸዋል፤ የእናት ወንድም ማለት ነው። በአገሬው በፋንቴዎች ቤት አባት ቢቆጣ ቀኑ ይመሻል፣ ያልፋል። ዎፋ የተቆጣ ዕለት ግን ድስት ሳይጣድ ይዋላል።

ከእሳቸው ፊት ለፊት ጠረጴዛ የተሰጣት ኤፉዋ ጋርቴ ናት። ምን በድላ እንደሆነ እግዜር ይወቀው። የግቢው መጋዝ ቀኑን ሙሉ ይጮሃል፣ ወደ ማታ ግን በማጥፊያው ይጠፋል። የዎፋን ማጥፊያ ግን ያገኘ ሰው አልነበረም።

ትምህርት ቤታቸው የሚከፈተው በምሳ ሰዓት ነው፤ የመማሪያ መሣሪያውም የተማሪው ምሳ ነው። አዲስ ሠራተኛ ተቀጥሮ ኬንኪውን፣ ያን በቅጠል የተቀቀለ የበቆሎ ሊጥ፣ ከነዓሣው ይዞ ከተቀመጠ ዎፋ ወንበራቸውን እየጎተቱ ይመጣሉ።

«ይሄ ኬንኪ ደሞዝህ ነው እንበል» ይላሉ፣ ሊጡ የተጠቀለለበትን ቅጠል ራሳቸው እየፈቱ። «የመጀመሪያዋ ቁራሽ ያንተ ናት። መንግሥት አይነካትም። ይብላ፣ ልጁንም ያሳድግ ብሎ ትቶልሃል። ከሁለተኛዋ ቁራሽ ላይ ግን እንዲህ ያደርጋል።» በሁለት ጣት ቆንጥረው ይጎርሳሉ። «ከሦስተኛዋ ደግሞ እንዲህ።» በሦስት ጣት። «ከአራተኛዋ...» አምስቱም ጣት ይገባል። «እርከን ማለት ይሄ ነው። ገባህ?»

«ገብቶኛል ዎፋ። ግን ዓሣውን ለምን በሉት?»

«ዓሣው የጡረታ መዋጮ ነው!»

እንዲህ አድርገው ያስተማሩት ሰው ትምህርቱን አይረሳም። በተለይ አመሻሹ ላይ ሆዱ ያስታውሰዋል።

መጋዝ ነጂው ክዌኩ ባይዱ የደሞዝ ጭማሪ ተፈቀደለት የተባለ ዕለት ሰውየው ጠፋ። ግንድ ቁልል ኋላ ተደብቆ አገኙት። «ይቅርብኝ! ወደ ላይኛው እርከን ከገባሁ ያለኝንም ጠራርገው ይበሉታል!» ይላል። ይህን ሲሰሙ ክቡር ዎፋ ኤሲልፊ ከነክራቫታቸው ግንድ ላይ ወጡ። በፋብሪካው ታሪክ ክራቫት ያሰረ ሰው ግንድ ላይ ሲሮጥ ያን ቀን የመጀመሪያው ነበር።

«አንተ ደንቆሮ! ላይኛው ደረጃ ላይ የረገጠው እግርህ ብቻ ነው እኮ የሚከፍለው! ታች የቀረው እግርህ እንደ ድሮው ነው!»

«አንዱን እግሬንስ ለምን ይወስዱታል?»

«እግር አይወስዱም! ከላይኛው ላይ ብቻ ነው የሚቆነጥሩት!»

«ከእርስዎ ጋር ምሳ በልቻለሁ ዎፋ፣ መቆንጠር ምን እንደሆነ አውቃለሁ!»

ባይዱ ጭማሪውን የፈረመው እያለቀሰ ነው። ወር ሞልቶ ወረቀቱን ሲያይ ገንዘቡ እውነትም ጨምሯል። ያን ቀን ለዎፋ ሁለት ዓሣ ገዛላቸው። «ይሄኛው ከግብር ነጻ ነው» አላቸው።

የዎፋ ታላቅ ወቅት ግን ጃንዋሪ ነው። በዚያ ወር ሠራተኛው ሁሉ የግብር እፎይታ ይጠይቃል። ሚስት ያለው፣ ልጅ የሚያስተምር፣ ያረጀ ወላጅ የሚጦር ሁሉ ከደሞዙ ላይ ጥቂት ይተውለታል፤ ያችን ጥቂት ግብር አይነካትም። ዎፋ ማንም ሳይጠራቸው፣ እንደ ሕዝብ ቆጣሪ፣ ከመጋዝ ወደ መጋዝ ይዞራሉ።

«ሚስትህ በሕግ የታወቀች ናት?»

«ዎፋ፣ ሰፈሩ በሙሉ ያውቃታል።»

«ሰፈሩ ግብር አይሰበስብም! ነገ ሄደህ አስመዝግባት!»

በዚህ ዓይነት በታኮራዲ ከተማ ከፓስተሩ የበለጠ ሰው ያጋቡ እሳቸው ናቸው። ስንቱ ወንድ፣ ሴቲቱ ለዓመታት ስትለምነው አሻፈረኝ ብሎ፣ በስተመጨረሻ በዎፋ ስሌት እጁን ሰጥቷል። ሴቶቹ በፋብሪካው በር ሲያልፉ ይመርቋቸዋል። ወንዶቹ መንገድ ይቀይራሉ። እሳቸው ራሳቸው ግን ሚስት የላቸውም። አንዲት ነበረች ይባላል፤ «እኔ ሰው ነኝ እንጂ ተቀናሽ አይደለሁም» ብላ ነው አሉ የሄደችው። ልጅም የለም። የእሳቸው እፎይታ አንዲት ብቻ ናት፤ ሻማ በምትባል የዓሣ አጥማጆች መንደር የሚኖሩ አሮጊት እናታቸው፣ ማሜ አራባ።

ማሜ አራባ ዕድሜያቸውን ዓሣ በጢስ እያደረቁ ያሳለፉ ሴት ናቸው። በየቀኑ ለቢሮው ይደውላሉ፤ ስልኩን የምታነሳው ኤፉዋ ናት።

«ልጄ በልቷል?»

«በልተዋል ማሜ። የኔንም ጭምር።»

«እሰይ! እሰይ!» ይሉና ይዘጉታል። ስለ ኤፉዋ ሆድ አንድም ቀን ጠይቀው አያውቁም።

በሳምንቱ መጨረሻ ደግሞ በትሮትሮ፣ በሕዝብ ሚኒባሱ፣ ሾፌር እጅ በጢስ የደረቀ ዓሣ በቅርጫት ይልካሉ። ዎፋ ቅርጫቱን ሲቀበሉ ኮታቸውን ይቆልፋሉ። «ተመልከቱ» ይላሉ በኩራት፣ «ይህን የላከችው ተጧሪዬ ናት። በሕግ የታወቀች ተጧሪ!» ማን ማንን እንደሚጦር የጠየቃቸው አልነበረም፤ ሰው ዓሣውን ይፈልጋላ።

ባለፈው ዓመት፣ የገና በዓል ሊደርስ ሲል፣ ስልኩ መደወል አቆመ። ማሜ አራባ ተኝተው አልነቁም።

የሻማ ሽማግሌዎች ተሰበሰቡ። ማሜን የሚያህል ሴት ተጣድፎ መቅበር ቤተሰቡን ያሰድባል። የቤቱ ጣሪያ መጠገን አለበት፤ ግድግዳው ቀለም ይፈልጋል፤ አቢጃን ያለው ትልቁ አጎት ፈቃድ የሚያገኘው ከፋሲካ በኋላ ነው፤ የለቅሶው ጨርቅ ገና አልተመረጠም፤ ሁለት አክስቶች በጨርቁ ቀለም ተኮራርፈዋል። ስለዚህ ከፋሲካ በኋላ ይሁን ተባለ። ማሜ አራባም እስከዚያ በአጎራባቿ ሴኮንዲ ከተማ ባለ አንድ ሆስፒታል ማቀዝቀዣ ውስጥ እንዲቆዩ ተወሰነ። ይህን የሰማ የፋብሪካው ሠራተኛ አልገረመውም። የእሱም እናት እንዲሁ ቆይታ ነው የተቀበረችው።

ሠራተኛውን የገረመው የዎፋ አለማልቀስ ነው። ያስተምሩ ነበር። ከቀድሞው በእጥፍ ያስተምሩ ነበር። ያወቁትን እርከን ሁሉ ለበር ጠባቂው፣ ለመኪና አጣቢው፣ ደሞዝ ምን እንደሆነ ለማታውቀው ለኬንኪ ሻጯ ሳይቀር ያስረዱ ገቡ። ሻጯ «እሺ አባቴ፣ እሺ» እያለች ትሰማቸዋለች፤ እጃቸው ኬንኪው ላይ እንደማያርፍ ግን አስተውላለች። ለኤፉዋ የነገረቻት እሷ ናት። «አይበሉም እኮ። ቅጠሉን ይፈቱታል፣ መልሰው ይጠቀልሉታል።»

ጃንዋሪ መጣ። ዎፋ እንደ ልማዳቸው ከመጋዝ መጋዝ ዞረው የሁሉንም ቅጽ ሰበሰቡ። የሂሳብ ኃላፊው ሚስተር ኦቱ ሁሉም አርብ ማታ ጠረጴዛዬ ላይ ይሁን ብለዋል። የሁሉንም መርምረው የሚፈርሙት ዎፋ ናቸው። የራሳቸውን ግን፣ ሰው ለራሱ አይፈርምምና፣ አይቶ የሚፈርመው ፊት ለፊት የተቀመጠው ነው። ኤፉዋ ቅጹን ሳበች።

ያረጀ ተጧሪ በሚለው መስመር ላይ፣ በዚያ በተጣራ የእጅ ጽሕፈታቸው፣ አራባ ኢንኩም ይላል። ዕድሜ፣ ሰማንያ አራት። ባለፈው ዓመት ሰማንያ ሦስት ነበር። አንድ ዓመት ጨምረውላቸዋል።

«ዎፋ።»

«አቤት።»

«እዚህ ጋ ስህተት ያለ መሰለኝ።»

«ስህተት? የኔ?» መነጽራቸውን አወረዱ። «የቱ ጋ?»

«ማሜ...» አለች። «ማሜ እኮ አርፈዋል።»

«አርፋለች። መች ካድኩ? ግን አልቀበርኳትም።»

«ዎፋ...»

«ቆይ፣ ቆይ፣ አድምጪኝ። ቅጹ ምን ይላል? የሚጦረው ያረጀ ወላጅ ነው የሚለው። ይኸው እየጦርኩ ነው! በየሳምንቱ አርብ የማቀዝቀዣውን የሚከፍለው ማነው? የጣሪያውን ቆርቆሮ የገዛ ማነው? በሕይወቷ ሳለች ከኔ የምትፈልገው የሬዲዮ ባትሪና የራስ ምታት ክኒን ነበር። አሁን ነው የተጦረችው! እንደ ዘንድሮ ተጧሪ ሆና አታውቅም!»

ኤፉዋ ልትስቅ ነበር። ዓይናቸውን ስታይ ተወችው።

«አንድ ግንድ ጫኝ የሞተ አባቱን ስም ጽፎ ሲመጣ ምን አሉት? ግቢው ሙሉ እስኪሰማ አይደል የጮሁበት?»

«የሱ አባት ተቀብሯል!» አሉ ዎፋ፣ ጠረጴዛውን መትተው። «ልጅ ማለት ጧሪና ቀባሪ ነው። ቀባሪ የምሆነው ከፋሲካ በኋላ ነው። እስከዚያ ድረስ ጧሪ ነኝ!»

«ሚስተር ኦቱ ማሜ ማረፋቸውን ያውቃሉ። ለቅሶ መጥተው የለ? ካዩት እርስዎንም ከሥራ ያስወጡዎታል፣ ለጡረታ ምን ቀርቶዎት? የፈረምኩትን እኔንም።»

«አንቺን አይነኩሽም። አታልዬ ነው ያስፈረምኳት እላለሁ።»

«ማን ያምናል? አንድ ሰው አታለው ያውቃሉ?»

ዎፋ ዝም ሲሉ ክፍሉ ውስጥ የመጋዙ ጩኸት ለመጀመሪያ ጊዜ ጎልቶ ተሰማ።

«ከወረቀት ላይ እኮ ነው የሚወጡት» አለች ኤፉዋ፣ ድምፅዋን ዝቅ አድርጋ። «ከወረቀት ላይ ብቻ።»

«ሌላ የት አለች?» አሉ። «ክፍሏን ለለቅሶ መጪዎች ብለው ቀለም ቀቡት። እኔ እንኳን በሩን አላውቀው አልኩ። ስልኳን የእህቴ ልጅ ወሰደችው፤ ብደውል የምታነሳው እሷ ናት። የዓሣ ምድጃዋን አፍርሰው ድንኳን ሊተክሉበት ነው። እዛ ሁሉም ሰው ስለ ጨርቅ ቀለም ነው የሚያወራው።» ጣታቸውን ወረቀቱ ላይ አሳረፉ። «ያለችው እዚህች መስመር ላይ ነው።»

ኤፉዋ አልፈረመችም። እምቢም አላለችም። ቅጹን መሳቢያ ውስጥ ከተተችው። ያን ሰሞን ዎፋ ማንንም አላስተማሩም፤ እሷም ጠረጴዛዋን ስትከፍት ስትዘጋ ከረመች። ወሬው ግቢ ወርዶ ኖሮ ባይዱ በምሳ ሰዓት መጥቶ በመስኮት አንገቱን አስገባ።

«ፈርሚላቸው በቃ! መንግሥት በአንዲት አሮጊት ይደኸያል?»

«ከሥራ ሲባረሩስ አንተ ትቀልባቸዋለህ?»

«እኔማ ስንት ዓመት ቀልቤያቸዋለሁ!» አለ ባይዱ። ወዲያው ግን ፊቱ ተለዋወጠ። «ሰውየው እኮ ከስተዋል» አለ፣ ሄደም።

አርብ ደረሰ። በምሳ ሰዓት ዎፋ ኮታቸውን ሲያነሱ ኤፉዋም ቦርሳዋን አነሳች።

«ወዴት ነው?»

«ወደ ማሜ። እኔም ልጠይቃቸው።»

ቅጹን ሰጠቻቸው፣ አጥፈው ደረት ኪሳቸው ከተቱት። ትሮትሮው ውስጥ አጠገቧ ተቀምጠው፣ ደረት ኪሳቸውን በእጃቸው እንደያዙ ሴኮንዲ ደረሱ። ሾፌሩን እንኳን ገቢህ ስንት ነው አላሉትም።

አስከሬን ክፍሉ ከሆስፒታሉ ጀርባ፣ የባሕሩ ነፋስ በሚመታው በኩል ነው። አግዳሚ ወንበሮቹ ላይ ሰው ተደርድሮ ተቀምጧል። የፕላስቲክ ቦት የተጫማ ጠባቂ ከመስኮቱ ኋላ ስም ይጠራል።

«የአራባ ኢንኩም ቤተሰብ!»

«እዚህ ነን!» አሉ ዎፋ፣ ብድግ ብለው።

ነን ማለታቸውን ኤፉዋ ሰማች። አብራ ተነሳች።

«የቀብሩ ቀን አልተቆረጠም?» አለ ጠባቂው ደረሰኙን እየቀደደ።

«ከፋሲካ በኋላ።»

«እርስዎ እንኳን ይመጣሉ። እዚህ አስቀምጦ የሚረሳ አለ።»

ዎፋ ከፍለው ሲጨርሱ ወደ መውጫው አልሄዱም። በጎን በኩል ወዳለው ሰፊ የብረት በር ሄዱና ቆሙ። ማንም አይገባበትም። ክራቫታቸውን አስተካከሉ። ከዚያ፣ አዲስ ሠራተኛ ሲያስተምሩ በሚያወጡት በዚያው ድምፅ፣ ለበሩ ማስረዳት ጀመሩ።

«ማሜ፣ ነገሩ እንዲህ ነው። የዓመቱ ወረቀት መጥቷል። በየዓመቱ አንቺን ነው የማስገባው፣ ታውቂያለሽ። ዘንድሮም ጽፌሽ ነበር። ግን ሕጉ ስለ ማቀዝቀዣ የሚለው ነገር የለም። ያወጡት ሰዎች ሻማን አያውቁም፣ ቆርቆሮ ስንት እንደገባም አያውቁም።» ተነፈሱ። «ይቺ ኤፉዋ ናት። ስልክ የምታነሳልሽ። አንቺን ካስገባሁ እሷን ያባርሯታል። እኔንስ ግድ የለም፣ እሷ ግን ገና ልጅ ናት። ለገንዘቡ አይደለም፣ ማሜ። ለገንዘቡማ ቢሆን... ምን አላት? የአንድ ቅርጫት ዓሣ ዋጋ አትሆንም። እና ልሰርዝሽ ነው። እኔ ግን...» ሕይወታቸውን ሙሉ ሲያስረዱ የኖሩት ሰው ቀጣዩ ቃል ጠፋቸው። እጃቸውን ብረቱ ላይ አድርገው ቆሙ። «እሺ በይኝ» አሉ በመጨረሻ።

በሩ ምን ይላል? ነፋሱ የጣሪያውን ጠርዝ ያንቋቋል። አግዳሚው ላይ የተቀመጡት ሰዎች እንዳልሰማ ሰው መሬት መሬት ያያሉ።

ጠባቂው እጁን በሽርጡ እየጠረገ ከጎን ወጣ። አጠገባቸው መጥቶ እሱም ወደ በሩ ዞሮ ቆመ።

«እሺ ብለዋል፣ አባቴ።»

ዎፋ ዞር ብለው ከእግሩ እስከ ራሱ ተመለከቱት። ያለ ማስረጃ ምንም ተቀብለው አያውቁም።

«እርግጠኛ ነህ?»

«አብሬያቸው የምውለው እኔ ነኝ። እሺ ብለዋል።»

ዎፋ ራሳቸውን ነቀነቁና ቅጹን ከደረታቸው አወጡ፣ እስክሪብቶውንም። የሚጻፍበት ጠረጴዛ የለም። ግድግዳው ላብ ያላበው ይመስል እርጥብ ነው። ወዲያ ወዲህ ሲሉ ኤፉዋ ነገሩ ገባትና ጀርባዋን ሰጥታቸው ጎንበስ አለች።

ወረቀቱ ትከሻዋ ላይ ተዘረጋ። የዎፋ ግራ እጅ ወረቀቱን ሲያደላድል ይታወቃታል። የእስክሪብቶው ጫፍ አረፈ። የስረዛው መስመር ከስሙ መጀመሪያ ተነስቶ በቀስታ፣ በጣም በቀስታ፣ ወደ ቀኝ ሄደና መሐል ጀርባዋ ላይ ሲደርስ ቆመ። አልተነሳም፤ አልቀጠለምም። ትንፋሻቸው አንገቷ ጋ ይቆራረጣል።

«ደከመሽ?» አሉ።

«አልደከመኝም፣ ዎፋ» አለች ኤፉዋ፣ እንዲመቻቸው ትንሽ ዝቅ እያለች። «ቀስ ይበሉ።»